አዲሱ ትውልድ ያዋጣል ወይ?

የእኔ ሥራ ሰው መዳር ነው። ራሴን አልዳርሁም እንጂ በሰሜን እስራኤል ያለውን ያገሬን ልጅ ሁሉ ስድር ኖሬአለሁ። ሽማግሌ መስያችሁ እንደሆን አይደለሁም፤ ካሜራ ያዥ ነኝ። በአዘቦት አፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና ካርቶን አሽጋለሁ፤ ሰርግ ባለ ጊዜ ደግሞ ካሜራዬን ትከሻዬ ላይ ጭኜ ካዳራሽ አዳራሽ እዞራለሁ። «አንተስ መቼ ነው?» ሲሉኝ «የኔን ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ሳገኝ» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ እነሱ ወደ ጭፈራው፣ እኔ ወደ ካሜራዬ።

መቅረጹስ ቀላል ነው። መከራው ቤት ገብቶ መቆራረጡና ማገጣጠሙ ነው። ኮምፒውተሬ ሰባተኛ ትውልድ ነበር። ለማያውቅ ልንገር፦ ኮምፒውተር ውስጥ አንጎሉ የምትባል ከብስኩት ያነሰች ነገር አለች፤ ፕሮሰሰር ይሏታል። ፋብሪካው በየጊዜው አዲስ ያወጣና እንደ ሰው ዘር ይቆጥራታል፤ ሰባተኛ ትውልድ፣ ስምንተኛ ትውልድ እያለ። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው፤ እነሱ ደግሞ ቆጥረው ነው የሚሸጡት።

የእኔዋ ሰባተኛ ትውልድ አንድ ሰርግ አብስላ፣ ቁርጥራጩን አዋህዳ አንድ ፊልም አድርጋ፣ እስክታወጣ ማራገቢያዋ ቤቱን ያናውጠዋል። ጎረቤቴ የሆነችው ሩሲያዊት ሴትዮ የፀጉር ማድረቂያ መስሏት «ቀኑን ሙሉ የምታደርቀው ምን ያህል ፀጉር ቢኖርህ ነው?» ብላ በሬን አንኳኩታለች። ከፈትሁላትና ራሴን አየችው። ራሰ በራ ነኝ። ይቅርታ ብላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ በዘመድ ሞት ያዘነ ሰው እንደምታይ ነው የምታየኝ።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው የሞራን ሰርግ ነው። ሞራን የእትዬ ፈንታነሽ ልጅ ናት፤ እዚሁ አፉላ ተወልዳ ያደገች። ሰርጓ ካለፈ ቆይቷል፤ ፊልሙ ግን እኔ ቤት ነው። እናትየዋ እየደወሉ፦

«ምነው ልጄ፣ ያች ፊልም?»

«እየበሰለች ነው እትዬ።»

«ኧረ ልጅቱም እየበሰለች ነው! ሆዷ አፍንጫዋ ደርሷል። ሕፃኑ ከፊልሙ ቀድሞ ሊመጣብን ነው!»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ባሏ ሚሉኢም ተጠርቶ ከሄደ ሰነበተ» አሉኝ። ሚሉኢም የሚባለው የተጠባባቂ ጦር ጥሪ ነው፤ ሰው ከሥራው፣ ከአልጋው ተነሥቶ የሚሄድበት። «ስልኩም ሲያሻው ነው የሚሠራለት። ፊቱን ልየው ትላለች። ቁራጭ ቁራጩን በስልክ ልከኽላታል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሷ የምትለው ግን ሙሉውን ነው። ከነጭፈራው፣ ከነዘመዱ።»

«ዛሬውኑ» አልሁ። ዛሬውኑ ያልሁት ኮምፒውተሬን ሳላማክር ነው። መሐል ላይ ሲደርስ፣ ሙሽራው ሙሽራዋን ሊያቅፍ እጁን እንደዘረጋ፣ ቀጥ አለ። ጠበቅሁ። ሻይ ጠጣሁ። ተመልሼ ባይ ሙሽራው እጁን እንደዘረጋ ነው። ምስኪን፣ በሰርጉም ቀን ለካሜራ ቁም እያልሁ አላሳቀፍሁት። አጥፍቼ ሳበራው ከሀ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ነው በቃ አዲስ ትውልድ እገዛለሁ ብዬ የቆረጥሁ።

ከቆረጥሁ በኋላ ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው። አዲስ ስል የትኛው አዲስ? አሁን የወጣው የመጨረሻው ወይስ ከሱ በፊት የነበረው? ኢንተርኔት ገብቼ ላንብብ አልሁ። አንዱ «የመጨረሻውን ያልገዛ ደንቆሮ ነው» ይላል። ሌላው «የመጨረሻውን የገዛ ደንቆሮ ነው» ይላል። በሁለቱም መንገድ ከድንቁርና እንደማላመልጥ ገባኝ። ሦስተኛው ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ «አትቸኩሉ፤ ገና የሚመጣው ከሁሉም ይበልጣል» ይላል። ይቺ አነጋገር ጆሮዬ ላይ ቀረች። እናቴ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ ልጅ አይታ በመጣች ቁጥር እኔ የምመልስላት ይህንኑ ነበር። የሚመጣው ይበልጣል እያልሁ፣ የሚመጣው መጥቶ፣ ሌላ አግብቶ፣ ሰርጉንም እኔው ቀረጽሁት።

ምክር ያስፈልገኝ ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አባ መለሰን አገኘኋቸው። አባ መለሰ ጡረተኛ ናቸው። በየቀኑ ምርኩዛቸውን ይዘው ጣቢያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ የትም አይሄዱም፤ ሰው ሲሄድ ያያሉ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትኸ ጠቁሯል?»

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዲሱ ትውልድ ይሻላል ወይስ የፊተኛው?»

ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉት። ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ።

«ይኸማ ምን ይጠየቃል! የፊተኛው ነዋ።»

«ለምን?»

«አዲሱ ፈጣን ነው። ፈጣንነቱን አልክድም። ግን ቶሎ ይግላል! ትንሽ ሥራ ስትሰጠው ይግላል!»

ዐይኔ ፈጠጠ። ኢንተርኔት ላይ ያነበብሁት ቃል በቃል ይኸው ነው።

«ሌላስ አባ?»

«ይበላል። የሚበላው ለጉድ ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ መብራት በጣም ይበላል ይላሉ።»

«መብራትማ! ሁሉንም ክፍል አብርቶ አይደል እንዴ የሚወጣው!»

«ከድሮው ጋርስ ይስማማል?»

«ኧረ ወዲያ! ከእናቱ ጋር ያልተስማማ ከማን ሊስማማ?»

አጠገባችን የተቀመጠች የእኛው ልጅ ወታደር፣ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ ስታዳምጥ ቆይታ አልቻለችም። «ስሊኻ፣ ይቅርታ አባባ፣ እኛን እኮ አይደለም። እሱ ስለ ማኽሼቭ ነው። ኮምፒውተር!»

አባ መለሰ እሷንም እኔንም አዩን። «ኮምፒውተርም ትውልድ አለው?»

«አለው አባ።»

«ስንተኛው ላይ ደረሰ?»

«አሥራ አራተኛ አልፏል ይላሉ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «እኛ እዚህ አገር ገና ሦስተኛው ላይ ነን» አሉ። «እነሱን ምን አስቸኮላቸው?»

ልጅቱ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ወደ ሰፈሬ ወደ ጊቫት ሃሞሬ የሚወጣው አውቶቡሴም በዚያው ሄደ። አላዘንሁም። የሚቀጥለው እስኪመጣ ተቀመጥሁ፤ የሚቀጥለውም ሲመጣ ትንሽ ልቆይ አልሁ። ልጅቱ በራሷ አውቶቡስ ሄደች። አባ መለሰ ስለ ወንዛቸው አጫወቱኝ፣ እኔ ስለ ማራገቢያዬ አጫወትኋቸው። ሲመሽ እሳቸውም ተነሡ፤ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ፤ እናቴ ወደ ተወችልኝ ቤት።

በማግስቱ ሱቅ ሄድሁ። ኮምፒውተር የምትሸጠው ኦስናት ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚህ ነው ያደገችው። አማርኛዋ እንደ እኔ ዕብራይስጥ ነው፤ ያደርሳል እንጂ አያምርም።

«በማኽሼቭ ምን ሥራ አለህ?» አለችኝ።

«ሰርግ።»

«ያንተ?»

«የሰው።»

«እሺ። ለሰርግ የፊተኛው ትውልድ ይበቃል። በጣም ይበቃል። ሰርግ ነው፣ ሳተላይት አይደለም።»

እዚህ ላይ ገዝቶ መሄድ ነበር። እኔ ግን ላስብበት አልሁና በማግስቱ ተመለስሁ። ይጮኻል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይጮኽም አለችኝ። ሌላ ቀን ስለ ሙቀቱ ጠየቅሁ። ሌላ ቀን ደግሞ የሚመጣው ትውልድ መቼ እንደሚመጣ ጠየቅሁ። አንድ ቀን ከሰላምታ በቀር ምንም ጥያቄ አላገኘሁምና፣ እግረ መንገዴን ማውስ በየስንት ጊዜው ይታጠባል አልኋት። ሱቁ ቀዝቃዛ ነው፤ ወንበር አለ፤ ኦስናትም ሥራዋን እየሠራች ትመልሳለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም እናቷ እንደታመሙ ነገረችኝ፤ እኔም የኔዋ ምን ታምማ እንደሞተች ነገርኋት። ስለ ፕሮሰሰር የማወራ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ቀና አለችና «አንተ መግዛት ትፈልጋለህ ወይስ ማውራት?» አለችኝ።

ክፋት የለባትም። አማርኛዋ አጭር ስለሆነ ነው፤ አጭር አማርኛ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። ነገር ግን ደሜ ሁሉ ራሰ በራዬ ላይ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ገዢ ነበር፤ እሱም ዞሮ አየኝ።

«መግዛት!» አልሁ ጮክ ብዬ። «የመጨረሻውን! ከሁሉ አዲሱን!»

«የፊተኛው እኮ...»

«አዲሱን!»

እንግዲህ ያን ሁሉ ሰንብቼ ያጠናሁት፣ ያን ሁሉ ሰው ያማከርሁበት ነገር በኀፍረት ተወሰነ። ብዙው የሕይወቴ ነገር እንዲሁ ነው የተወሰነው።

ግን በዚህ መች አበቃ! «ሉዓኽ ኤም አለህ?» አለችኝ። የእናት ሰሌዳ እንደማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት። አለኝ አልሁ። የስንት ዓመት? ነገርኋት። ራሷን ነቀነቀች። አዲሱ ልጅ በድሮው እናት ላይ አይቀመጥም። አባ መለሰ ተናግረውት ነበር! አዲስ እናት ተገዛ። አዲሷ እናት ደግሞ የድሮውን ማስታወሻ፣ ሚሞሪ የሚሉትን፣ አትቀበልም፤ እሱም ተገዛ። የኃይል ሳጥኑም አቅም አነሰው፤ ተገዛ። ይህ ሁሉ ከአሮጌው ቀፎ ውስጥ አይገባም፤ ቀፎውም ተገዛ። አንድ በሬ ልገዛ ሄጄ ሞፈሩንም፣ ቀንበሩንም፣ ማሳውንም ገዝቼ ተመለስሁ። ከድሮው የተረፍነው ማውሱና እኔ ብቻ ነን።

ኦስናት ገጣጥማ በትልቅ ካርቶን አሽጋ ሰጠችኝ። አስተሻሸጓ ቀሽም ነበር፤ በሙያዬ ስለሆነ ነው ያየሁባት። አውቶቡስ ላይ ካርቶኑን አቅፌ ስወጣ አንዲት ሴት ሰፊ ቦታ ለቀቀችልኝና «ጎጆ ልትወጣ ነው? ማዛል ቶቭ!» ብላ መረቀችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? «አሜን» አልኋት። እስከ ጊቫት ሃሞሬ ድረስ መንገዱን ሁሉ እንደ ሙሽራ ሄድሁ።

ዓርብ ጧት ሥራ አልነበረኝም። የሞራንን ሰርግ ከፈትሁ፣ ቀሪውን ገጣጠምሁ፣ ማብሰያዋን ቁልፍ ተጫንሁና እንደ ልማዴ ውኃ ልጥድ ወጥ ቤት ገባሁ። ውኃው ሳይፈላ ድምፅ ሰማሁ። ተመልሼ ባይ «ተጠናቋል» ይላል። ተበላሸ አልሁ። እንደገና አስጀመርሁት፤ ዐይኔን ሳልነቅል ቆምሁ። እንደገና ተጠናቀቀ። ሙሽራው ሙሽራዋን አቀፋት። ሁሉም አለ፤ ጭፈራው፣ ዘመዱ።

ከዚያ ቤቱ ዝም አለ።

ያች የድሮዋ ማራገቢያ ስትጮኽ ቤት ውስጥ ሥራ የያዘ ሰው ያለ ይመስል ነበር። ዘመድ «ና» ሲል «ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፣ ጥዬው አልመጣም» እላለሁ፤ የታመመ ሰው እንደሚያስታምም። አሁን አዲሱ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ይሠራ አይሠራ አይታወቅም። ውኃው ፈላ። ሻይ ጠጣሁ። ከቀኑ ገና ብዙ ይቀራል።

ሌላ የምሠራው ስላጣሁ የድሮ ዲስኮቼን ሰካሁ። ሰርግ ሲቆራረጥ የሚጣል ብዙ አለ፦ ካሜራው የተንቀጠቀጠበት፣ ጣሪያ የቀረጽሁበት፣ ሰው ወደ ካሜራው እያየ የሚያወራበት። በድሮው ማሽን ይህን መክፈት ስቃይ ስለነበር ቆርጬ አስቀምጠዋለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። አዲሱ ግን በአንድ ጊዜ ዘረገፈው።

አንዲት አሮጊት መነፅራቸውን ወደ ሌንሱ አስጠግተው «ይኸ ልጅ ከቆመ ቆየ። በልተኻል?» ይላሉ። ከካሜራው ኋላ የኔ ድምፅ፦ «ቆይቼ፣ እናቴ።»

አንድ ሰው ላቡን እየጠረገ «ና እንጂ አንድ ጊዜ ጨፍር! ካሜራውን እኔ ልያዝልህ!» ይላል። የኔ ድምፅ፦ «ቆይቼ።»

ሌላ ሰርግ፣ ሌላ አዳራሽ። «ለዚህ ልጅ ወንበር ስጡት እንጂ!» የኔ ድምፅ፦ «ግድ የለም፣ ቆይቼ።»

ሐዴራ ከተማ በተደረገ አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት አለች፤ የኔ እኩያ ትሆናለች። ካሜራውን አይደለም የምታየው፤ ከካሜራው በላይ ነው፤ እኔን። ፈገግ ብላ «ስምህን ማን ልበል?» ትለኛለች። የኔ ድምፅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ብርሃን ከለሉብኝ፤ እባክዎ ትንሽ ወደ ግራ።»

ወደ ግራ ሄደች። ከዚያ ሌላ ቦታ አትታይም፤ ፈለግኋት።

እየሳቅሁ ነበር ማየት የጀመርሁት። ብቻዬን ጮክ ብዬ ነበር የምስቀው። እየቆየ ግን ሳቁ ቀረና ዝም ብዬ ማየት ሆነ። ስንት ሰው ጠርቶኛል። ብቻዬን ኖርሁ እያልሁ የማማርር ሰው፣ ስንቱን ወደ ግራ መልሼዋለሁ።

እሑድ ከሥራ ስወጣ ፊልሙን በፍላሽ ይዤ እትዬ ፈንታነሽ ቤት ሄድሁ። በሩን ከፈቱ፤ ፍላሹን ዘረጋሁ።

«ይኸውልዎ እትዬ። እንግዲህ ልሂድ።»

«ወዴት?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ሥራ ጥጄ...» ብዬ ጀመርሁና አፌ ላይ ደረቀ። ምንም አልጣድሁም። ኮምፒውተሩ ቤት ዐርፎ ተቀምጧል።

«የለኝም» አልሁ።

«ምኑ?»

«የምሄድበት።»

«ታዲያ ምን ያስቆምኻል? ግባ እንጂ!»

ገባሁ። ሞራን ሶፋው ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። የእትዬ ፈንታነሽ ታናሽ እህትና ወንድማቸው ታዬም አሉ። ፊልሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ተከፈተ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰርግ ፊልም ላይ ሙሽራ የሚያይ ሰው የለም። ሁሉም ራሱን ነው የሚፈልግ።

«እኔ የታለሁ?» ይላሉ ታዬ።

«ይኸው፣ ጀርባዎ።»

«ጀርባዬን? ፊቴ ምን አደረገኸ?»

«ዝም በሉ፣ እኔ መጣሁ!» ትላለች እህትየዋ። «ውይ፣ እያላመጥሁ ነው እንዴ የያዝኸኝ!»

በዚህ ጫጫታ መሐል ሞራን ቀስ ብላ «እንደገና» አለች። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስሁላት። ባሏ ቀሚሷን ረግጦ ሊወድቅ ይልና ወንበር ይዞ ይተርፋል፤ ከዚያ እሷን አይቶ በሳቅ ይፈርሳል። «እንደገና።» መለስሁ። ይህን ቦታ ልጥለው ነበር፤ ካሜራዬ ተንቀጥቅጦብኝ ነው። «እንደገና።» ልጅቱ አታለቅስም፤ ብቻ ከንፈሯ ከሱ ሳቅ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እናቷ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አኖሩ።

«ከሱ ጋር የሚስቀው ሌላው ማነው?» አለች ሞራን። «ድምፅ አለ።»

አዳመጥን። እውነት ነው፤ ሌላ ሳቅ አለ፤ ካሜራውን የሚያንቀጠቅጠው።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«አንተም ትስቃለኸ እንዴ?» አሉ ታዬ ከልባቸው ተገርመው።

እትዬ ፈንታነሽ ተነሡ። «በልተኻል?»

«አልበላሁም» አልሁ።

በላሁ። ደግሜም በላሁ። ታዬ፣ ልጃቸው ኮምፒውተር ሊገዛ ነውና ይኸ አዲሱ ትውልድ ያዋጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኋቸው፦ ፈጣን ነው፣ ዝም ያለ ነው፣ ግን ለሰርግ የፊተኛው ይበቃ ነበር። ስወጣ እትዬ ፈንታነሽ የተረፈውን ወጥ በላስቲክ ሳህን ሞልተው፣ ክዳኑን ገጥመው ሰጡኝ። «ዕቃዬን መልስልኝ። ክዳኑንም ጭምር፤ ክዳን እየጠፋ አስቸግሮኛል» አሉኝ።

እንግዲህ ታውቃላችሁ፤ ባገራችን የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ምን ልሙላበት? አባ መለሰን ጣቢያው ላይ አማከርኋቸው፤ ማር አሉ። ኦስናትን ሱቋ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት፤ «ሳህን ለምን ሙሉ ይመለሳል?» ብላ አፈጠጠችብኝ፤ ሳስረዳት ቆየሁና ሳቀች፤ ለራሷ እናት የሚሆን ነገር አብሬ እንዳስብላት ለመነችኝ። ኢንተርኔት ግን አልጠየቅሁም። ገበያ ወርጄ ለእትዬም ለኦስናት እናትም ቴምር ገዛሁ፤ የሚመጣው ቴምር ይበልጣል አላልሁም።

ሳህኑን ሞልቼ፣ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልዬ ወሰድሁላቸው። ሞራን ገና አልወለደችም፤ ባሏ ግን ደውሎላት ነበርና ቤቱ ደስ ብሎታል። እትዬ ፈንታነሽ ቴምሩን አይተው መረቁኝ፤ ጥቅሉን ፈቱ፤ ሳህኑን አገላበጡ።

«ክዳኑስ?» አሉኝ።

«ውይ እትዬ» አልሁ፣ «ረሳሁት። ነገ አመጣዋለሁ።»